የማይሰማ እጅ

አዛዡ ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከስልኩ ጠረጴዛ ፊት አስተካከለው።

«ተቀመጪ» አላት።

«ቆሜ ይሻለኛል፣ አለቃ።»

«ስልክ ተቀምጠው ነው የሚያነሱት።»

«ቆመውም ያነሱታል።»

ስልኩ የተጠራ ይመስል በዚያው ቅጽበት ጮኸ። በግራ እጇ አነሳችው። የደወለችው ሴት ከጎረቤቷ መስኮት የሚወጣ ጭስ አስፈርቷታል። የት እንደሆነች ጠየቀቻት፤ የጭሱን ቀለም ጠየቀቻት። ወዲያው ከሴትየዋ ኋላ የወንድ ድምፅ ተሰማ፤ ጎረቤትየው ድስት አሳርሮ ኖሯል። «ድስቱን ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ መስኮቱን ይክፈቱ» ብላ ዘጋች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ጉልበቷ አልታጠፈም። አዛዡ አንድ ጊዜ ወንበሩን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየና ወጣ።

በዚህ የእሳት አደጋ ጣቢያ ጭስ ወደሞላበት ቤት መጀመሪያ የሚገባው ሰው «ፊት» ይባላል። ጭስ ውስጥ ዓይን አይሠራም። ፊት የሆነው ሰው በጉልበቱ እየተሳበ፣ ቀኝ እጁን ከግድግዳ ሳያላቅቅ፣ በሩንም አልጋውንም የወደቀውንም ሰው በመዳፉ ይፈልጋል። ከኋላው ያለው እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ይከተለዋል። ጭምብል ለብሶ፣ እሳቱ እየጮኸ መነጋገር ስለማይቻል ቋንቋቸው ትከሻ ነው። ጨበጥ ማድረግ «ሂድ» ነው። መዳፍን ዘርግቶ መጫን «ቁም» ነው። ወደ ኋላ መሳብ «ተመለስ» ነው። ከዚህ ሌላ ቃል የላቸውም፤ አስፈልጓቸውም አያውቅም።

እሷ የጣቢያው ፊት ነበረች። ባልደረቦቿ «እታለም» ይሏታል። «እታለም ፊት ከሆነች ግድግዳው ራሱ መንገድ ይለቃል» እያሉ ያሞካሿታል። ታዲያ አንድ የቀለም መጋዘን በተቃጠለ ቀን፣ መውጫውን ፈልጋ ያገኘችው እሷ ሆና ሳለ፣ ከላይ ወደ ታች የሚዘጋው የብረት መዝጊያ ማቆሚያው ቀልጦ መውረድ ጀመረ። በቀኝ እጇ ደግፋ ያዘችው። ከኋላዋ የነበሩት በደረታቸው እየተሳቡ በክንዷ ሥር አለፉ። የመጨረሻው አዛዡ ነበር። እሱ ሲወጣ ጓንቷ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር።

እጇ ዳነ። ይዘረጋል፣ ይጨብጣል፣ ባልዲ ያነሳል። ግን አይሰማም። ሐኪሙ ጅማቱና ጡንቻው ደህና መሆኑን፣ የተቃጠለው የመዳፏ ስሜት መሆኑን ነገራት። ብርጭቆ ስትይዝ ወይ ይሰበርባታል ወይ ይወድቅባታል፤ ምን ያህል እንደጨበጠች አታውቅማ። አዛዡም ይህን ሲሰማ ብዙ አሰበና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«እጅሽ ካልሰማ ጆሮሽ ይስማ።»

እንዲህ ነው ወደ ስልኩ የተላከችው።

*

ታናሽ ወንድሟ ሹራብ ሠሪ ነው። የሚሠራበት ቤት ድሮ የተማሪ ካልሲ ነበር የሚያመርተው። አሁን በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው ለደነዘዘ ሰዎች የተለየ ካልሲ ይሠራል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ሲያቆስላቸው አያውቁም። ካልሲው ግን የቱ ጋ እንደተጫነ ያውቃል፤ ያስታውቃልም። ወንድሟ እህቱ ብርጭቆ ስትሰብር አይቶ ሲያበቃ አንድ ማታ ከጎኗ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እጅሽን አውሺኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ልለካው።»

«የሰው እግር ስትለካ ኖረህ ዛሬ ወደ እጅ አደግህ?»

«እግር የሚሰማው ካልሲ ከሠራሁ፣ እጅ የሚሰማው ጓንት የማልሠራበት ምክንያት አልታየኝም።»

ከከረጢቱ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ አወጣ። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ሲዘረጉት የሚዘረጋ ጨርቅ ነው። በጣቱ ጫን ሲያደርገው ጫፉ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ አምፖል በራች። አጥብቆ ሲጫነው ብርሃኗ ጨመረ።

«ሦስት ድርብ ነው» አለ። «ላይና ታቹ ብር በተቀባ ክር የተሠራ ነው። መሃሉ ከሰል የጠጣ ስስ ጨርቅ ነው። ሳይነኩት ኤሌክትሪክ በግድ ነው የሚያልፍበት። ሲጫኑት ይጠጋጋል፣ ያሳልፋል። ብዙ ሲጫን ብዙ ያሳልፋል።»

«አጭሩን ንገረኝ።»

«ሲነኩት ይሰማዋል።»

«እንግዲያ ከእኔ ይሻላል በለኛ።»

ጓንቱን በእረፍት ቀኖቹ ሠራው። በመዳፉና በአምስቱ ጣቶች ላይ ያ ጨርቅ አለ። ከላይ እሳት የሚከላከለው የወትሮ ጓንቷ ይለበስበታል። ከጓንቱ የወጣ ስስ ሽቦ በክንዷ ሽቅብ ሄዶ የክብሪት ሳጥን ከምታህል ሳጥን ይገባል፤ ከሳጥኗ ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ነዛሪዎች ይወጣሉ። እጇ የነካውን እነሱ እየተንቀጠቀጡ ሌላ ቦታ ላይ ይነግሯታል። የሥራ ቦታው ኢንጂነር ሳጥኗን በመግጠም አገዘችው። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ነዛሪዎቹን የት ላድርጋቸው? ከሰውነትሽ የቱ ነው አጥርቶ የሚሰማው?»

«ትከሻዬ» አለች፣ ሳታስብ። «ትከሻዬ ላይ ዝንብ ብታርፍ ወንድ ትሁን ሴት እነግርሃለሁ።»

ስለዚህ ትከሻዋ ላይ ሆኑ።

እንቁላል እየያዘች ተለማመደች። እናታቸው ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ የሚፈሰውን እንቁላል ታያለች።

«ዛሬም እራታችን እንቁላል ነው?»

«እስክማር ድረስ እንቁላል ነው፣ እማዬ።»

«እጅ ሲያወራ ገና ዛሬ ሰማሁ። ምላስሽ አልበቃ ብሎሽ።»

ቀስ በቀስ እንቁላሎቹ መትረፍ ጀመሩ። ትከሻዋ ላይ የሚመጣው መንቀጥቀጥ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። በኋላ ከቀጭን ወደ ወፍራም፣ ከፊት ወደ ኋላ መለየት ቻለች። አንድ ቀን ዓይኗን ጨፍና ማበጠሪያዋን ከመሳቢያ ውስጥ ፈልጋ አወጣች። በዚያው እጇ ጸጉሯን አበጠረች። እናቷ ወደ ምጣዷ ዞር አለች፤ የመጨረሻው እንቁላል ነበር የሚጠበሰው።

በማግስቱ አዛዡ ፊት ቀረበች።

«ይፈትኑኝ።»

አዛዡ ጓንቱን አገላብጦ አየው። «ሹራብ ነው?»

«ሹራብ ነው።»

«በሹራብ እሳት ልትገቢ።»

«ቱቦውም ሸራ ነው፣ አለቃ። ልብሳችንም ጨርቅ ነው። ከሰሙ ጨርቅ የማይገባበት እሳት የለም።»

ፈቀደ። ወዶ አልነበረም፤ ግን ስልኩ ጋ ቆማ ስትውል ጣቢያው በሙሉ ሲያይ ሰንብቷልና ፈቀደ።

*

ከጣቢያው ጀርባ መስኮት የሌለው የሥልጠና ቤት አለ። ውስጡን በማሽን ጭስ ይሞሉታል። ወለሉ ላይ ሰው የማይጠብቀው ቦታ ክዳኑ የተነሳ ጉድጓድ ያዘጋጃሉ፤ ከጉድጓዱ በታች ወፍራም ፍራሽ አለ። አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ አሸዋ የተሞላ የጨርቅ ሰው ይጥላሉ። የጣቢያው ልጆች «አማቴ» ይሉታል፤ ከባድ ነው፣ ተሸክመው ሲያወጡትም አያመሰግንም።

ያን ቀን ከኋላዋ የገባው «ዝምታው» የሚሉት ባልደረባዋ ነው። ስሙ የወጣለት አፉ ስለማይዘጋ ነው። ከጭምብሉ በፊት የመጨረሻ ቃሉ «እታለም፣ ዛሬ ሹራብሽን አምኜ ነው የምገባው፤ የእናቴ አንድ ልጅ መሆኔን አትርሺ» የሚል ነበር።

ገቡ። መዳፏ ግድግዳውን ዳሰሰ፤ ትከሻዋ ነዘረ። ጡብ። የጡብ መገጣጠሚያ። የበር መቃን። ደስ አላት፤ እጇ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ይመስል በድምፁ አወቀችው። ዝምታው ትከሻዋን ጨበጥ አደረገ፤ ሂጂ። ሄደች። ጨበጥ፤ ሂጂ። ሄደች። ከዚያ ዝምታው በግራ በኩል ወደፊት በዘረጋው እግሩ ጫፍ የጉድጓዱን ጠርዝ አገኘና መዳፉን ዘርግቶ ትከሻዋን ተጫነ። በዚያው ቅጽበት ቀኝ እጇ የቧንቧ ቱቦ ጨብጦ ነበርና ጓንቱም ትከሻዋን ጨበጣት።

ሂጂ ያላት መሰላት። ሄደች።

ሁለቱም ፍራሹ ላይ ወደቁ፤ ዝምታው ከላይ።

መብራት በራ። አዛዡ ከጉድጓዱ አፍ ሆኖ ቁልቁል አያቸው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ፍራሽ ባይኖር ኖሮ» አለና ሐሳቡን አልጨረሰም። «ወደ ስልክሽ።»

ማታ ወንድሟ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። «ትከሻ ላይ እንደምትነጋገሩ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።»

«የት ይሰማሻል ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«ትክክል መልሼልሃለሁ። ትከሻዬ እንዲያ የሚሰማው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ ስለኖረ ነው። ሥራ ላይ ያለን ሠራተኛ ሌላ ሥራ ጨመርንበት። መጠየቅ የነበረብህ የቱ ይሰማሻል ሳይሆን የቱ ሥራ ፈት ነው የሚለውን ነበር።»

«እሺ፣ የቱ ሥራ ፈት ነው?»

ጓንቱን መልሳ ሰጠችው።

*

ስልኩ ጋ ተመለሰች፤ ቆማ። ወንበሩም ከፊቷ ቆመ። ልጆቹ ሲያልፉ ሄልሜታቸውን እየጣሉበት ይሄዱ ጀመር፤ እሷ ካልተቀመጠችበት ለአንድ ነገር ይጥቀም ብለው ነው። አዛዡ ሄልሜቶቹን አንስቶ ወንበሩን ይወለውላል፤ ደግሞ ያስተካክለዋል።

«ቅድሚያ መቀመጫዬን ብላለች ዝንጀሮ» አላት አንድ ጠዋት።

«ዝንጀሮዋ መቀመጫዋ ላይ እሾህ ስለነበረ ነው። የእኔም ወንበር እንደዚያው ነው።»

«ቂም ይዘሽብኛል።»

«አልያዝኩም። ወንበሩን ነው የማልወደው።»

አዛዡ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደገፈ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ከፊት ያለው ከተሳሳተ ከኋላው ያለው ሁሉ ተሳሳተ። አንዱን ሰው ላወጣ ሁለት ሰው የማስገባ ሰው ነኝ እኔ፤ ሦስት ሰው ብቀብርስ? ይህን ወንበር ለቅጣት አይደለም ያመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ለሽልማትም አይደለም ግን።»

«አንቺን በሕይወት ለማኖር ነው።»

«በሕይወት መኖርማ እማዬም ጋ እኖራለሁ፣ አለቃ። ጣቢያ የምመጣው ለሥራ ነው።»

እሱ ሲሄድ ዝምታው ከመኪናው ሥር ወጣ፤ ዘይት እየጠረገ ሲሰማ ኖሯል። «እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ» አለ። «አንቺን ምላጭ ፋብሪካውን ነው የሚያስውጥሽ።»

«ዝም በል።»

«ዝምታውማ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ከሥራው አስፈቅዶ ጓንቱን በከረጢት ይዞ መጣ። ሦስቱ ስልኩ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙና ከሰውነቷ ሥራ ፈት ቦታ መፈለግ ጀመሩ።

«አንገት» አለ ወንድሟ።

«ኮፍያውና ጭምብሉ ያንቁታል። ሙቀቱንም መጀመሪያ የሚለየው አንገት ነው።»

«ጉልበት?»

«እየተሳብኩ በምን ልሂድ?»

«ውስጥ እግር።»

«ወለሉ መጎድጎዱን፣ መሳሳቱን የሚነግረኝ እሱ ነው። እሱንማ ከነካችሁብኝ ሌላ ፍራሽ አዘጋጁ።»

«ወገብ» አለ ዝምታው።

«ገመድ ይታሰርበታል።»

«ምላስ።»

ወንድሟ ሳቀ። «እሷማ ሥራ ፈትታ አታውቅም።»

«ብብት?»

«ሳቅ ይገድለኛል እንጂ እሳት አይደርስብኝም።»

ስልክ ተደወለ፤ አነሳች፤ የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ወንድሟ ደክሞት ነበር፤ ማታውን ሲሠራ ነው ያደረው። ወንበሩን ተመለከተና ሄልሜቶቹን አንስቶ ሊቀመጥ ሲል ከእህቱ ዓይን ጋር ተጋጨ፤ ተወው። ግድግዳውን ተደገፈ።

«እትዬ፣ እንግዲህ እኔ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ። ቤት ሄጄ…»

«ምን አልክ?»

«ጎኔን ላሳርፍ።»

እሷ ግራ እጇን ቀስ ብላ ከብብቷ በታች፣ የጎድን አጥንቷ ላይ አሳረፈች። ጫን አደረገችው። ከዚያ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው።

«ጎን ምን ይሠራል?» አለች።

ወንድሟ የራሱን ጎን ዳበሰ።

«ሰው ጎኑን ያሳርፋል ይባላል እንጂ ጎኑን ያሠራል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች። «ገመድ አይነካው፣ ማሰሪያ አያርፍበት፣ ማንም አያናግረው። ከተወለድኩ ጀምሮ ያረፈ እሱ ብቻ ነው። ይበቃዋል፤ አሁን ይሥራ።»

ዝምታው ያን ጊዜ ብቻ ስሙን መሰለ።

*

ነዛሪዎቹን ጎን ላይ መግጠሙ አንድ ነገር ነበር፤ ከላብ ጋር መጣላቱ ሌላ ነገር ሆነ። አዲሱን ጓንት ለብሳ የጣቢያውን ደረጃ ሽቅብ ቁልቁል ስትሮጥበት፣ ምንም ሳትነካ ጎኗ መንጫጫት ጀመረ።

«ማን ነው የሚነካኝ?» አለች።

«ላብሽ ነው» አለ ወንድሟ። «ላብ ጨው አለው። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ጨርቁ ሲርስ የተነካ ይመስለዋል።»

«ውሸታም ሆነ ማለት ነው።»

«ውሸታም አይደለም፤ ፈሪ ነው። ነፋስ ሲነካው ሌባ መጣ ይላል።»

ጨርቁን ውሃ በማያስገባ ስስ ሽፋን አለበሰው። ከዚያ በጨው ውሃ ነከረው፤ ዝም አለ። በካውያ ተኮሰው፤ ሲግል ትንሹን ንክኪ ትልቅ አድርጎ አወራ። ስለዚህ ሳጥኗ ሙቀቱን እየለካች ከሚያወራው ላይ እንድትቀንስለት አደረገ። እናቷ ካውያዋን ስትፈልግ ጓንት ላይ አገኘችው። «በዚህ ቤት ከእንግዲህ ልብስ የሚተኮሰው ለማን ነው?» አለችና ቀሚሷን እንደተጨማደደ ለብሳ ወጣች።

ጎን እንደ ትከሻ ቶሎ አልተማረም። ሥራ የማያውቅ ቦታ ነውና መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይኮረኩረው ነበር። እሷ ግን ልብስ ስታጥብም፣ ደረጃ ስትወጣም፣ ስልክ ቆማ ስትመልስም ጓንቱን አላወለቀችም። ጣቶቿ ከፊት በኩል፣ መዳፏ ከኋላ በኩል ጎኗ ላይ ይናገራሉ። አንድ ቀን የስልኩን እጀታ በቀኝ እጇ አነሳች። የያዘችው እስኪበቃ ብቻ ነበር፤ አጥብቃ አልጨመቀችውም፣ አልጣለችውም። አዛዡ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

«ሁለተኛ ፈተና እፈልጋለሁ» አለች፣ ስልኩን እንደያዘች።

«አንዴ ተፈትነሻል።»

«ወድቄያለሁ። ለዚያ ነው ሁለተኛ የምፈልገው።»

«ዝምታውን ከኋላሽ አላሰልፍም። ሌላውንም ልጅ አላሰልፍም።»

«እርስዎ ይሰለፉ።»

አዛዡ ወደ ስልኩ ጠረጴዛ ቀረበ። ወንበሩን አየ። ላዩ ላይ ዛሬም ሄልሜት ነበረ፤ የራሱ የአዛዡ ሄልሜት። ማን እንዳስቀመጠው አልታወቀም። አነሳው።

«አንድ ጊዜ» አለ። «ከዚያ ትቀመጫለሽ።»

«ከዚያ ወንበሩ ለማን እንደሚሆን እናያለን።»

*

በዚህኛው ፈተና ጭሱ የማሽን ብቻ አልነበረም። አዛዡ የብረት በርሜል ውስጥ እንጨት አስነደደ። ጣራው ላይ ያለውን ውሃ መርጫ አስከፈተ። እሳት፣ እንፋሎት፣ ውሃ፣ ጨለማ። ጉድጓዱንም ሌላ ቦታ አዛወረው፤ የጨርቁን ሰው የት እንዳስቀመጠ ማንም አላወቀም። ልጆቹ ውጭ ተሰበሰቡ። ወንድሟም ከሥራ ቀርቶ መጥቷል፤ አጥሩን ተደግፎ ጥፍሩን ይነክሳል።

ገቡ። የአዛዡ እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ከባድ፣ የማይላወስ። ግድግዳው ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ጎኗ ተናገረ። እርጥብ ጡብ፤ ለስላሳ ቧንቧ፤ የበር ጠርዝ። ላቧ በክንዷ ቁልቁል ሲወርድ ይታወቃታል፤ ጓንቱ ግን ስለ ላብ ምንም አላለም። ሙቀቱ በረታ። አዛዡ ጨበጥ አደረጋት፤ ሄደች። መዳፉን ዘርግቶ ተጫናት፤ እጇ ያኔ የብረት አልጋ ጨብጦ ጎኗ ይጮህ ነበር፤ ትከሻዋ ግን ለብቻው ጥርት ብሎ ተሰማት። ቆመች። በግራ እግሯ ወደፊት ስትሞክር ወለሉ የለም፤ ጉድጓዱ እዚያ ነበር። በጠርዙ ዞረች። አዛዡ ተከተላት።

ከአልጋው ማዶ እጇ አንድ ነገር ነካ። ግድግዳ አይደለም፤ ይሰረጉዳል። ብረት አይደለም። ጣቶቿ ዙሪያውን ሄዱ፤ ጎኗ ላይ መስመር ሰራ፤ ቀበቶ። የጨርቁ ሰው፣ የ«አማቴ» ቀበቶ ነው። ጨበጠችው።

በዚያው ቅጽበት አዛዡ ትከሻዋን ወደ ኋላ ሳበ። ተመለሽ።

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመች። ትከሻዋ አንድ ነገር ይላል፣ ጎኗ ሌላ ነገር ይላል፤ ሁለቱ ግን አልተደባለቁም። ሁለት ሰዎች በየተራ እንደሚያናግሯት ነበር። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። በጉልበቷ ወደ ኋላ ትሳብ ጀመር፤ እጇን ግን አላላላችም።

አሸዋው ከብዷል፤ ውሃ ጠጥቶ ነበር። የአልጋው እግር ያዘው። ጎኗ ላይ ያለው ጫና ከኋላ ወደ ፊት መሸሽ ጀመረ፤ ከመዳፍ ወደ ጣት ጫፍ። ቀበቶው እያመለጠ ነው። ዱሮ ቢሆን ባዶ ጭብጧን ይዛ ውጭ ድረስ በሄደች ነበር። አሁን አወቀች፤ ጣቶቿን አጠፈች፣ ጠመዘዘች፣ ጫናው ወደ መዳፏ ተመለሰ። አዛዡ እንደገና ሳባት፤ የዚህኛው ይበልጥ የጠነከረ ነበር። ተመለሰች። በርከክ እያለች፣ እየጎተተች፣ ጎኗ እየጮኸ፣ በሩን አልፋ ብርሃን ላይ ወጣች።

የጨርቁ ሰው ከኋላዋ ጠጠሩ ላይ ተዘረረ።

አዛዡ ጭምብሉን አወለቀ። ፊቱ ቀልቷል። የጨርቁን ሰው አየ፣ ቀበቶው ላይ ያለውን ቀኝ እጇን አየ።

«ተመለሽ ብዬሻለሁ።»

«ተመልሻለሁ።»

«ትእዛዝ ትሰሚ እንደሆነ ለማየት ነው የሳብኩሽ። ሁለቴ ነው የሳብኩሽ።»

«ሁለቴም ሰምቻለሁ። ይኸው ውጭ ነኝ።»

«ይሄስ?» አለ፣ በእግሩ ጫፍ አሻንጉሊቱን እያሳየ።

«ተመለሽ ነው ያሉኝ» አለች። «ልቀቂ አላሉኝም። ልቀቂ የሚል ምልክት የለንም፣ አለቃ።»

ከልጆቹ አንዱ ሳል መሰል ድምፅ አወጣ፤ ሳቅ ነበር። አዛዡ ዞር ሲል ዝም አለ። አዛዡ ግን አልተቆጣም። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ላቡን ጠረገ፤ ሲናገር ለእሷ ብቻ ነበር።

«ሊኖረን ይገባ ነበር። መጋዘኑ በተቃጠለ ቀን እንዲህ ያለ ምልክት ቢኖረን ኖሮ፣ ይሄኔ እጅሽ ይሰማ ነበር።»

«ቢኖረን ኖሮ ይሄኔ እርስዎ የሉም።»

በርሜሉ ውስጥ እንጨቱ ይንጣጣል። የተከፈተው ውሃ በበሩ ሥር እየፈሰሰ ጫማቸው ሥር ደረሰ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ አዛዡ እጁን ዘረጋና ትከሻዋን ያዘ። ልጆቹ ምን እንደሚል ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። መዳፉን አልዘረጋም፤ ወደ ኋላም አልሳበም። አንድ ጊዜ ጨበጥ አደረገው።

እሷም ገብቷታል። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ቀበቶውን ይዛ አሻንጉሊቱን ከመሬት አነሳችውና ወደ ጣቢያው ትጎትተው ጀመር። ወንድሟ ሮጦ ሊያግዛት ሲል በግራ እጇ ከለከለችው።

«ወዴት ነው የምትወስጂው?» አለ ዝምታው። «ቦታው እዚያ ውስጥ ነው።»

«ዛሬ አዲስ ቦታ ተሰጥቶታል።»

ስልኩ ክፍል ድረስ ጎተተችው። ሄልሜቶቹን ከወንበሩ ላይ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አሻንጉሊቱን በሁለት እጇ አቅፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ቀኝ እጇ ምን ያህል እንደጨበጠ ጎኗ ነገራት። ወደ አንድ በኩል ዘመም ሲል አቃናችው። ውሃ ከእግሩ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ።

ስልኩ ተደወለ።

በቀኝ እጇ አነሳችው፤ ቆማ። አዳመጠች። የት እንደሆነ ጠየቀች፣ ውስጥ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ከዚያ እጀታውን ለዝምታው ወረወረችለትና መኪናው ወዳለበት ሮጠች። አዛዡ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። የፊተኛው መቀመጫ ክፍት ነው።

እዚያ ላይ ተቀመጠች።